ዕድሜ ልክ ተማሪ



«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለውን የአባቶቻችንን ምሳሌ የማያውቅ የለም። ሳይማር የመምህርነትን ጥምጥም ለሚያስር ሰው የተነገረ ተግሣጽ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ከምሳሌው ጥቂት አለፍ ብለን አንድ ጥያቄ ልናነሣ እንወዳለን። ሰው ከጠመጠመ በኋላስ? ቤት ከሠራ፣ ልጆች ከወለደ፣ በሰፈሩ «ጋሼ»፣ «እትዬ» መባል ከጀመረ በኋላ የመማር ነገር ያበቃለታልን?

በየቁምስናው ስንዘዋወር ብዙ ጊዜ የምንሰማው መልስ «የእኛ ጊዜ አልፏል፤ አሁን ተራው የልጆቹ ነው» የሚል ነው። ሲሰሙት ትሕትና ይመስላል። ጠጋ ብለን ስንመረምረው ግን ከቃሉ በስተጀርባ ያለው ዕድሜ ሳይሆን ኀፍረት ሆኖ እናገኘዋለን። ጎልማሳው የሚፈራው ትምህርቱን አይደለም፤ በልጁ ዕድሜ ባለ ሰው ፊት «አላውቅም» ማለትን ነው። የዚህን ነገር ምንነት ከማንም በላይ የሚያሳየን የአንድ ሰው ታሪክ ስላለ ከእርሱ እንጀምር። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።)

የባርሴሎናው ተማሪ

ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ በ1491 በስፔን አገር ከመኳንንት ወገን ተወለደ። ወጣትነቱን ያሳለፈው በጌቶች ቤት አገልግሎትና በጦር መሣሪያ ፍቅር ነበር። በ1521 የፓምፕሎናን ምሽግ ሲከላከል የመድፍ ጥይት እግሩን ሰበረው። በሕመም አልጋው ላይ ሳለ ያነበባቸው መንፈሳውያን መጻሕፍት ሕይወቱን እንደ ለወጡት ብዙዎቻችን ሰምተናል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

ኢግናጥዮስ በ1523 ኢየሩሳሌምን ተሳልሞ ሲመለስ፣ ሌሎችን በመንፈሳዊ ነገር ለመርዳት ብርቱ ፍላጎት ነበረው፤ ነገር ግን ትምህርት እንደሚያንሰው ተገነዘበ። የአገሩን ቋንቋ ማንበብና መጻፍ ያውቃል። በዚያ ዘመን የከፍተኛ ትምህርት በር የነበረውን ላቲንን ግን አያውቅም። ስለዚህ በ1524 ወደ ባርሴሎና ሄደ፤ ዕድሜው 33 ዓመት ነበር። ጄሮኒሞ አርዴቮል የተባለ መምህር ያለ ክፍያ ሊያስተምረው፣ ኢሳቤል ሮሰር የተባለች አንዲት ደግ ሴት ደግሞ ለኑሮው የሚያስፈልገውን ልትሰጠው ተስማሙ። ይህ የጦር ሰው፣ በተሰበረ እግሩ እያነከሰ፣ ከትንንሽ ልጆች መካከል ተቀምጦ የላቲንን ሰዋስው ከሥሩ ጀመረ።

መጀመሩ ቀላል አልሆነለትም። ሰዋስው በቃል መያዝን ይጠይቃል፤ ጎልማሳ አእምሮ ደግሞ እንደ ሕፃን አእምሮ የተሰጠውን ሁሉ ሳያጉረመርም አይቀበልም። ኢግናጥዮስ ራሱ በኋላ እንደ ተናገረው፣ ገና ትምህርቱን በቃሉ መያዝ ሲጀምር አዳዲስና ጣፋጭ የሆኑ መንፈሳውያን ሐሳቦች ይጐርፉበትና ከትምህርቱ ያናጥቡት ነበር። ሊያባርራቸው ቢሞክርም አልሆነለትም። ጥቂት ቆይቶ ግን አንድ ነገር አስተዋለ። በጸሎት ጊዜና በቅዳሴ ላይ እንደዚያ ያለ ብርሃን አይመጣለትም፤ የሚመጣለት ሰዋስው ሲከፍት ብቻ ነው። ያን ጊዜ ይህ ፈተና መሆኑን ዐወቀ። መምህሩን በባሕር አጠገብ ወዳለችው ወደ ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይዞት ሄደ፤ አስቀምጦም የሆነበትን ሁሉ ገለጠለት። «በባርሴሎና እንጀራና ውሃ እስካገኘሁ ድረስ በእነዚህ ሁለት ዓመታት ከትምህርትዎ አንድ ቀን አልቀርም» ብሎም ቃል ገባለት። ከዚያ ወዲያ ያ ፈተና በዚያ ቦታ አልተመለሰበትም።

በዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። ኢግናጥዮስን ከትምህርት ያናጠበው ክፉ ሐሳብ አልነበረም፤ መልካም መልክ ያለው ሐሳብ ነበር። እኛም «ማንበብ የጸሎቴን ሰዓት ይወስድብኛል»፣ «ቤተሰብ ላስተዳድር እንጂ መቼ ደብተር ልያዝ» የሚሉ ምእመናን አጋጥመውናል። ምክንያቱ የተቀደሰ ስለሆነ ማንም አይከራከረውም። ነገር ግን ያ ምክንያት ብቅ የሚለው መጽሐፍ ሲከፈት ብቻ ከሆነ፣ የባርሴሎናውን ተማሪ ማስታወስ ይገባል። መድኃኒቱም ደስ የሚል ነው፤ ለመምህሩ ወይም ለጓደኛ ሄዶ መናገርና የተወሰነ ጊዜ ቃል መግባት።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ያምር ነበር፤ ግን አላለቀም። ኢግናጥዮስ ከባርሴሎና በኋላ በአልካላ ብዙ ትምህርቶችን በአንድ ጊዜ ለመያዝ ቸኰለ፤ መሠረቱም ሳይጸና ቀረ። በ1528 ፓሪስ ሲደርስ ይህን ስሕተቱን አመነ። ዕድሜው ወደ 37 ዓመት በሚጠጋበት ጊዜ፣ በሞንቴጉ ኮሌጅ እንደ ገና ከልጆች ጋር ተቀምጦ ላቲንን ከለሰ። አንድ ጊዜ ከልጆች ጋር መቀመጥ ከባድ ነው፤ ቀድሞ ተምሬዋለሁ ባሉት ትምህርት ለሁለተኛ ጊዜ መቀመጥ ግን ከዚያ ይብሳል። በዚያ ላይ ድህነቱ ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ፍላንደርስ፣ አንድ ዓመትም እስከ ለንደን ድረስ እየሄደ ከስፔን ነጋዴዎች ምጽዋት ለምኖ የዓመቱን ቀለብ ያመጣ ነበር። በቅድስት ባርባራ ኮሌጅ አብረውት ያደሩት ጴጥሮስ ፋቤርና ፍራንቸስኮስ ዣቪዬር በዕድሜ 15 ዓመት ያህል ይቀድማቸው ነበር፤ የአርስጣጣሊስን ፍልስፍና እንዲረዳ ያገዘው ያ ወጣቱ ፋቤር ነው። ኢግናጥዮስ በመንፈሳዊ ሕይወት የፋቤር መሪ፣ በፍልስፍና ደግሞ የፋቤር ተማሪ ነበር ማለት ነው። በ1535 የማስተርነት ማዕርጉን ተቀበለ።

ይኸው በ33 ዓመቱ ሰዋስው የጀመረ ሰው የመሠረተው ማኅበር በ1548 በሲሲልያ ደሴት በመሲና ከተማ ለምእመናን ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ። ኢግናጥዮስ በ1556 ሲያርፍ የማኅበሩ ትምህርት ቤቶች ከ30 በላይ ሆነው ነበር። ለአገራችን ንጉሥ ለዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 በላቲን የተላከው ደብዳቤም ከዚሁ ሰው ዘንድ የወጣ ነው።

ኀፍረቱ ከየት መጣ?

«እርሱ ቅዱስ ነው፤ እኛ ግን…» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እንግዲያውስ ወደ ጐረቤታችን ወደ ኬንያ እንሻገርና ጊዜውንም ወደ ራሳችን ዘመን እናቅርበው። በኬንያ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በ2003 በነጻ እንዲሰጥ ሲደረግ፣ ኪማኒ ማሩጌ የተባሉ አንድ ሽማግሌ በኤልዶሬት አቅራቢያ ወደሚገኝ ትምህርት ቤት ሄደው ይመዝገቡኝ አሉ። በጥር 2004 አንደኛ ክፍል ገቡ፤ ዕድሜያቸውም 84 ዓመት እንደ ነበረ ተነግሯል። እንደ ልጆቹ የትምህርት ቤቱን የደንብ ልብስ ቁምጣውን ሳይቀር ለብሰው፣ የጆሮ መስሚያ መሣሪያ አድርገው ተቀመጡ። ምን አነሣሣዎት ሲባሉ ከሰጧቸው መልሶች አንዱ መጽሐፍ ቅዱስን በራሴ ዐይን ማንበብ እፈልጋለሁ የሚል ነበር፤ ሰባኪው የሚለው በመጽሐፉ ውስጥ መኖሩን ለማረጋገጥ! (የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ ይህን ልብ በሉ።) ከ2007ቱ ምርጫ በኋላ በተነሣው ሁከት ተፈናቅለው በድንኳን ውስጥ ሲኖሩ እንኳ ወደ ትምህርት ቤታቸው በእግራቸው መመላለሳቸውን አላቆሙም ነበር። በግንቦት 2009 በናይሮቢ በአንዲት ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ተጠምቀው እስጢፋኖስ ተባሉ፤ በዚያው ዓመት በነሐሴም ዐረፉ። የመጀመሪያ ደረጃን ትምህርት አልጨረሱም። ማንበብን ግን ተምረዋል።

በእኛ አገር ይህ ታሪክ ሲነገር ሰው ይስቃል፤ ሽማግሌና ቁምጣ አይገናኙም እያለ። ነገር ግን ይህ ሣቅ ከጥንት የወረስነው አይመስለንም። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ሥርዐት ተማሪ በዕድሜው አይመደብም፤ በደረሰበት ትምህርት እንጂ። ጢሙ የወረደ ዲያቆን ከንባብ ቤት ሕፃን ጋር በአንድ ግቢ ያድራል፤ የቀደመው የኋለኛውን ያስጠናል፤ ዜማ የጨረሰ መሪጌታ ቅኔ ቤት ሲገባ እንደ ጀማሪ ቅኔ ይቆጥራል። ከንባብ እስከ መጻሕፍት ትርጓሜ ያለውን ለመዝለቅ ሃያና ሠላሳ ዓመት ቢፈጅ ማንም «አረጀህ» አይለውም። ትምህርት የልጅነት ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ የመጣው፣ እንደሚመስለን፣ ልጆችን በዕድሜ ከፍሎ በክፍል ከሚያስቀምጠው ከዘመናዊው ትምህርት ቤት ጋር ነው። ዘመናዊው ትምህርት ብዙ በጎ ነገር አምጥቶልናል፤ ይህን ግን ሳናውቀው ይዞብን ገባ።

ፊደል ጥሎ ሲሄድ

አገራችን በታላቅ ቁጥር ጎልማሶችን ያስተማረችበት ዘመን ነበር። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። በዚያን ጊዜ ከሕዝቡ ከመቶ ከ90 የማያንሰው ፊደል አይለይም ነበር። ትምህርቱ እየቆየ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወረዱ፤ እናቶችና አባቶች ማታ በኩራዝ ብርሃን፣ ልጃቸው በሚሆን ወጣት ፊት፣ ጠመኔ ይዘው ከጥቁር ሰሌዳ አጠገብ ቆሙ። ዘመኑ የደርግ ዘመን ስለ ነበር ወደው የመጡም፣ ተገደው የመጡም ነበሩ፤ ያንን አንሸሽግም። ያም ሆኖ ዘመቻው በ1980 በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አግኝቷል። በሰማንያዎቹ አጋማሽ መንግሥት ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሕዝብ ከመቶ 60 በላይ ደርሷል ይል ነበር።

በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ሲካሄድ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ከሆነው ሕዝብ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ከመቶ 23 ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። በመካከል ምን ሆነ? ቀድሞ የተነገረው ቁጥር ተጋንኖ እንደ ነበር መገመት ይቻላል። ነገር ግን ሌላም ነገር ሆኗል፤ ብዙ ሰው የተማረውን ረስቷል። የምስክር ወረቀቱን ከተቀበለ በኋላ በቤቱ የሚነበብ አንዲት ገጽ አልነበረውም፤ የሚጽፍለትም ሰው አልነበረም። ጦርነቱና ረኀቡም ተጨመሩበት።

ከእነዚህ እናቶች አንዲቱን እናውቃቸዋለን። የምስክር ወረቀታቸውን ከእመቤታችን ሥዕል አጠገብ ሰቅለውታል። አንድ ቀን የመዝሙር መጽሐፍ ብንዘረጋላቸው ፈገግ ብለው መለሱልንና «አይ ልጆቼ፤ ፊደሉ ጥሎኝ ሄደ» አሉን። ስማቸውን መጻፍ ብቻ ቀርቷቸዋል። እኛም በዚያን ጊዜ የምንለው ጠፋን። ያሳፈራቸው ያለማወቃቸው አልነበረም፤ ዐውቀው መርሳታቸው እንጂ። በግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ይመሰክርባቸው ነበር።

ከእርሳቸው የተማርነው ይህን ነው። ዕድሜ ልክ መማር የሚባለው የተማሩ ሰዎች የሚጨምሩት ጌጥ አይደለም። የተማርነው እንዳይጠፋብን የምንከፍለው ዋጋ ነው። እርሻ አንድ ጊዜ ታርሶ እንደማይበቃው ሁሉ፣ ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰውም፣ ዲፕሎማ ያለውም፣ ከአሥር ዓመት በፊት የመምህርነት ኮርስ የወሰደው የትምህርተ ክርስቶስ መምህርም ከዚህ ሕግ ነጻ አይደሉም። ልዩነቱ የእርሳቸው መርሳት በግልጽ መታየቱ፣ የእኛ መርሳት ግን በማዕርጋችን መሸፈኑ ነው።

አእምሮ ያረጃልን?

«የጎልማሳ ራስ አይቀበልም» የሚለውን ምክንያት የዘመናችን ሊቃውንት መርምረውታል። የለንደን ከተማ የታክሲ ነጂዎች ፈቃድ ለማግኘት በከተማይቱ መካከል የሚገኙትን ወደ 25,000 የሚደርሱ መንገዶች በቃላቸው መያዝ አለባቸው፤ ይህም ሦስትና አራት ዓመት ይፈጅባቸዋል። በ2011 የታተመ ጥናት እነዚህን ጎልማሶች ከጥናታቸው በፊትና በኋላ መረመራቸው። ፈተናውን ባለፉት ዘንድ ለትዝታና ለአቅጣጫ የሚያገለግለው የአንጎል ክፍል ጨምሮ ተገኘ፤ ባላለፉትና ጭራሹን ባልተማሩት ዘንድ ግን አልጨመረም። ጎልማሳ አእምሮ ይቀበላል ማለት ነው፤ ዋጋው ግን ድካም ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን በአሜሪካ በኖትር ዳም የትምህርት እኅቶች ማኅበር ውስጥ የተደረገው ጥናት ነው። ዴቪድ ስኖውደን የተባሉ ተመራማሪ በ1986 ጀምረውት 678 ገዳማውያት ተሳትፈውበታል፤ ሁሉም ዕድሜያቸው ከ75 ዓመት በላይ ነበር። እኅቶቹ በየዓመቱ የማስታወስ ፈተና ይወስዱ ነበር፤ ከሞቱም በኋላ አንጎላቸው እንዲመረመር ፈቅደው ነበር። ከመካከላቸው አንዲቱ በ101 ዓመታቸው ዐረፉ። አንጎላቸው ሲመረመር አልዛይመር የተባለው የመርሳት በሽታ ምልክቶች በብዛት ተገኙበት፤ እርሳቸው ግን ከመሞታቸው በፊት ፈተናውን በጥሩ ውጤት ያልፉ ነበር። ረዥም ዕድሜያቸውንም በማስተማር ያሳለፉ ሴት ነበሩ።

እዚህ ላይ ከሚገባው በላይ እንዳንናገር እንጠንቀቅ። ከዚሁ ጥናት እጅግ የታወቀው ውጤት የሚናገረው እኅቶቹ በወጣትነታቸው ስለ ጻፉት የሕይወት ታሪክ ነው። በወጣትነታቸው ሐሳብ የሞላበት ጽሑፍ የጻፉት በእርጅናቸው በመርሳት በሽታ የመያዛቸው ዕድል አነስተኛ ነበር። ስለዚህ «ያነበበ አይረሳም» ብሎ ተስፋ መስጠት አይገባም፤ በዚህ በሽታ የተያዘ አባትና እናት ያላቸውን ቤተሰቦችም ማሳዘን ይሆናል። በአእምሮ ላይ የተዘራው በጎ ዘር ለእርጅና ስንቅ ሊሆን ይችላል ማለት ግን ይቻላል።

በቤት ውስጥ ያለው ጥቅም ግን ተመራማሪ አያሻውም። የመድኃኒቱን ማዘዣ ራሷ የምታነብ እናት መጠኑን አትሳሳትም። ውል ሲፈርም ያነበበ ገበሬ በመሬቱ አይታለልም። አባት ማታ ደብተር ሲዘረጋ ያየ ልጅ ማጥናት ቅጣት አለመሆኑን ያለ ምክር ይረዳል።

መምህሩስ?

በዚያው ዘመቻው በተጀመረበት በ1979፣ በጥቅምት ወር፣ ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ስለ ትምህርተ ክርስቶስ አንድ ሐዋርያዊ ምክር አውጥተው ነበር። በእርሱም ውስጥ ዋነኛው የትምህርተ ክርስቶስ መልክ ለዐዋቂዎች የሚሰጠው መሆኑን አስተምረዋል። እውነቱን ለመናገር በብዙ ቁምስናዎቻችን የሚታየው ተቃራኒው ነው፤ ልጆቹ ይማራሉ፤ ዐዋቂዎቹ ከውጭ ይጠብቋቸዋል። መምህሩም ዘንድሮ የሚያስተምረው አምና ያስተማረውን ነው፤ ደብተሩ ቢጫ ሆኗል። ልጆች ደግሞ ይህን ቶሎ ያውቁታል። መምህሩ ሳይጨርሰው ዐረፍተ ነገሩን የሚጨርሱለት እነርሱ ናቸው።

ከዚህ ለመውጣት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ፊደሉ ጥሎኝ ሄደ ባሉት እናት ቁምስና አንዲት ወጣት መምህርት ያደረገችውን እንንገራችሁ። ትምህርት ቤት እከፍታለሁ አላለችም፤ ማንንም አልመዘገበችም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ ቤት ቡና ሲፈላ ሄዳ የማግሥቱን ወንጌል በትልልቅ ፊደል ጽፋ ታስቀምጣለች። መጀመሪያ እርሷ ታነባለች፤ ቀጥሎ ሁሉም በአንድነት፤ ሦስተኛው ቡና ሲደርስ የፈለገች ብቻዋን ታነባለች፤ ያልፈለገች ዝም ትላለች። ማንም አይታረምም፤ ስሕተት ሲኖር መምህርቲቱ ያንኑ መሥመር እንደ ገና ታነበዋለች እንጂ። እሑድ በቅዳሴ ወንጌሉ ሲነበብ ሴቶቹ ትናንት በዐይናቸው ያዩትን ቃል በጆሯቸው ይሰሙታል። እኒያ እናት በዐቢይ ጾም ጀምረው ለጰራቅሊጦስ በዓል አንድ አንቀጽ ብቻቸውን አነበቡ። ሁሉም ፊደል አልተመለሰላቸውም፤ «ጰ»ንና «ፀ»ን እስከ ዛሬ ይፈሯቸዋል። መምህርቲቱ ደግሞ፣ ሴቶቹ የሚጠይቋት ጥያቄ ስለ በዛባት፣ ለራሷ መጽሐፍ መፈለግ ጀምራለች።

ለቡድን ውይይት

በሚቀጥለው የመምህራን ስብሰባችሁ ላይ በእነዚህ ጥያቄዎች እንድትነጋገሩ እንጠይቃለን። እያንዳንዳችን ባለፈው አንድ ዓመት ምን አዲስ ነገር ተማርን? ከማንስ ተማርነው፤ ከእኛ ከሚያንስ ሰው የተማርነው አለን? ከመማር የሚያዘናጋን «መልካም» ምክንያት የትኛው ነው? በቁምስናችንስ ፊደል ጥሎአቸው የሄደ እነማን ናቸው? ይህን የመጨረሻውን ስትመልሱ ስማቸውን በጉባኤ መካከል አትጥሩ፤ የት ቤት ቡና እንደሚፈላ ብቻ ተነጋገሩ።